ሰፊ ማሽን ጠማማ ጣውላ አያቀናም

ዕቁብ የወጣለት ሰው መርካቶ ወርዶ ቲክነሰር የሚሉትን የውፍረት መላጊያ ማሽን ሲጠይቅ ከሻጩ አፍ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ቃል ስፋት ናት። «ይሄኛው 33 ሳንቲሜትር ይልጋል፤ ያኛው 30 ብቻ ነው።» ሁለተኛዋ ዋት ናት። ሦስተኛዋ «ኦሪጅናል ነው» የምትለዋ ናት። ገዢው በእነዚህ ሦስት ቃላት ረክቶ ብሩን ይቆጥራል፣ ማሽኑን ያስጭናል፣ በግቢው ጥግ በቆርቆሮ በከለላት የሥራ ቦታው ያስቀምጠዋል። ከሳምንት በኋላ ጠማማ ጣውላ ያስገባበትና በሌላው ጫፍ ለስላሳ ጠማማ ጣውላ ይቀበላል።

ማሽኑ አልተበላሸም። ሻጩም አልዋሸም። ቲክነሰር ጣውላ ማቅናት ሥራው አይደለም። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የታችኛውን ፊት መነሻ አድርጎ የላይኛውን ከእሱ እኩል ርቀት ላይ ይልጋል። የታችኛው ፊት ጎባጣ ከሆነ የላይኛውም ጎባጣ ሆኖ ይወጣል፤ ውፍረቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ይሆናል። ቀጭን ጣውላ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያታልላል። ሁለቱ ሮለሮች ጣውላውን ወደ ጠረጴዛው ተጭነው ሲገፉት ለጊዜው ቀጥ ይላል፤ ቢላው ያልፍበታል፤ ከሮለሩ ሥር ሲለቀቅ እንደ ሞላ ተመልሶ ይጎብጣል። ሰውዬው እጅ ላይ የሚቀረው ውፍረቱ የተስተካከለ፣ ፊቱ የለሰለሰ፣ ቅርጹ ግን እንደ ጀልባ የሆነ እንጨት ነው። ሰፊ ማሽን የገዛ ሰው ሰፊ ጀልባ አገኘ ማለት ነው።

በዚህ መናደድ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ብሩ የማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ፋብሪካ ማሽን ሲሳሳት በጀት ላይ ይጽፈዋል። ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሰው ግን የገዛው በዕቁብ ነው፣ ከሥራ ሲሰናበት በተሰጠው ክፍያ ነው፣ ወይም ዱባይ ያለች እህቱ ለዓመታት ቆጥባ በላከችው ነው። በዚያ ማሽን ረከቦት፣ የጫማ መደርደሪያና የሕፃን አልጋ ሠርቶ ሊሸጥ አስቧል። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ታትሟል። ስህተቱን የሚመልስለት የለም።

መላግ ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያው አንድ ፊት ማቅናት ነው፤ ሁለተኛው ሌላኛውን ፊት ከቀናው ጋር ማመሳሰል። በትልልቅ እንጨት ቤቶች ለመጀመሪያው ሥራ ሰርፌስ ፕሌነር የሚባለው ረጅም ጠረጴዛ ያለው ማሽን አለ፤ ጣውላው ከላይ ያልፋል፣ ቢላው ከሥር ይልጋል፣ የሚጫነው ሮለር ስለሌለ ጉብታው ብቻ ተበልቶ ያልቃል። ለሁለተኛው ቲክነሰሩ አለ። ስለዚህ «ቲክነሰር ልግዛ?» የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «አንዱን ፊት በምን ታቀናዋለህ?» ተብሎ ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው የ30 እና የ33 ሳንቲሜትር ክርክር ውስጥ መግባቱ ጫማ ሳይኖረው ክር እንደሚመርጥ ሰው ያደርገዋል።

መልሱ ደግሞ ውድ አይደለም። አንድ ረጅም የእጅ መላጊያ፣ በደንብ የተሳለ፣ አንዱን ፊት ለማቅናት ይበቃል፤ ማማርም መለስለስም አይጠበቅበትም፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እንዳይወዛወዝ ማድረግ ብቻ ነው። ጥምዝምዙን ለማየት ሁለት ቀጥ ያሉ እኩል ዘንጎች በጣውላው ሁለት ጫፍ ላይ አጋድሞ በአንድ ዓይን ማየት ነው፤ የላይኛው ጠርዛቸው ካልተመሳሰለ ጣውላው ጠምዝዟል። የእጅ መላጊያ የማይሆንለት ደግሞ ቀጥ ካለ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ተንሸራታች መደብ ይሠራል፤ ጠማማውን ጣውላ በላዩ አስቀምጦ ክፍተቶቹን በትንንሽ ሽብልቅ ይሞላና እንዳይንቀሳቀስ በኮላ ያጣብቃል፤ ከነመደቡ በቲክነሰሩ ያሳልፋል። የላዩ ፊት ቀንቶ ይወጣል፤ ከዚያ ይገለበጥና ያለ መደቡ ያልፋል። ሥራው አሰልቺ ነው። ግን ጣት አይበላም፣ ተጨማሪ ማሽንም አይጠይቅም።

ስፋትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው በዓመት ውስጥ ከ25 ሳንቲሜትር የሚሰፋ አንድ ወጥ ጣውላ ስንት ጊዜ ይነካል? የጠረጴዛ ፊት ከ10 እና ከ15 ሳንቲሜትር ጣውላዎች ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ እንዲያውም ሰፊ ወጥ ጣውላ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ይበልጥ ይጎብጣል። ተጣብቆ 80 ሳንቲሜትር የሆነው ፊት ደግሞ 30ውም 33ቱም ውስጥ አይገባም። በተጨማሪም ስፋት ነፃ አይደለም። ለምሳሌ ማኪታ 2012ኤንቢ የሚባለው ማሽን 304 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ እስከ 15 ሳንቲሜትር በሆነ ጣውላ ላይ በአንድ ጊዜ 3 ሚሊሜትር ያነሳል፣ ሙሉ ስፋቱ ላይ ግን ከ1.5 በላይ አይፈቀድለትም። ያው ሞተር ነው፤ ሰፋ ሲል ጉልበቱ ይከፋፈላል።

ወደ ዋናው ጠብ እንሂድ ከተባለ ጠቡ ከ«ሁሉን በአንድ» ማሽን ጋር ነው። ኮምባይን የሚሉት። መጋዝ አለው፣ ሰርፌስ አለው፣ ቲክነሰር አለው፣ መብሻ አለው፤ ሞተሩ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ዋጋውም የአንድ ያህል። ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር የለም። ሐሳቡም ከመሠረቱ ስህተት አይደለም። አንዱን ፊት ከላይ አቅንቶ ሌላውን ከሥር ማመሳሰል፣ ሁለቱንም በአንድ ቢላ መያዣ፣ አውሮፓውያን ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። የኦስትሪያው ፌልደር በሐመር ስም የሚሸጠው ኤ3-31 ዓይነት ማሽን ወፍራም የብረት ጠረጴዛ ያለው፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። ቦታውም፣ መስመሩም፣ አቅሙም ያለው ሰው እሱን ቢገዛ ማንም አይቃወመው።

መርካቶ በ«ሁሉን በአንድ» ስም የሚቀርበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ አይደለም። ጠረጴዛው አጭር ነው። አንድ ጠረጴዛ በደህና የሚያቀናው ከራሱ ርዝመት እጥፍ ያህል የሆነ ጣውላ ነው፤ የሁለት ሜትር የበር ቋሚ ለማቅናት የአንድ ሜትር ጠረጴዛ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማስደገፊያው ሲገፉት ይተጣጠፋል፤ ጠርዝ ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ እንዲሆን ተብሎ የተገዛ ማሽን 88 ያወጣል፤ አራት ጣውላ ሲጣበቅ ስህተቱ ተጠራቅሞ ጠረጴዛው ቅስት ይሆናል። እግሩ ከላሜራ ስለሆነ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ንቅጥቅጥ ጣውላው ላይ እንደ ማጠቢያ ቆርቆሮ ወጣ ገባ ሆኖ ይታያል።

እነዚህ የጥራት ጉዳዮች ናቸው፤ ሊታገሷቸው ይቻላል። የማይታገሡት ሌላ ነው። በብዙዎቹ ርካሽ ኮምባይኖች መጋዙና የመላጊያው ቢላ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ናቸው። ጣውላ ሲላግ መጋዙም ጎኑ ላይ ይዞራል። እንጨት ሲቆረጥ ቢላውም ይዞራል። የቢላው መሸፈኛ ሥራ ስለሚያጓትት መጀመሪያ ተፈትቶ የሚጣለው ዕቃ እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሕፃን በሚሮጥበት፣ ልብስ በሚሰጣበት፣ እናት ቡና በምታፈላበት ግቢ ውስጥ ነው። በእንጨት ሥራ ዕድሜውን የገፋ ሰው ጣቱን እየቆጠረ ቢጠየቅ ታሪኩ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል፤ አብዛኛው ታሪክ የሚጀምረው ከሰርፌሱ ነው፣ አጭር እንጨት በእጅ ሲገፋ። በአንጻሩ ለብቻው የተሠራ ትንሽ ቲክነሰር ቢላው በሳጥን ውስጥ ነው፤ ጣውላውን ራሱ ይስባል፤ እጅ ወደ ቢላው የሚሄድበት መንገድ የለም። ለጀማሪ ሰው ከእንጨት ማሽኖች ሁሉ ጣትን የሚምረው ይህ ነው። ሻጩ ግን ይህን እንደ ጥቅም አይቆጥረውም፤ ዝርዝሩ ላይ በሳንቲሜትር የሚጻፍ አይደለማ።

ሁለተኛው ጠብ ከሻንጣ ጋር ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ ወንድም ወይም አጎት ለክረምት ሲመጣ «ምን ላምጣልህ?» ይላል፤ ልጁም ቪዲዮ ላይ ያየውን ይጠራል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዲዎልት ዲደብልዩ735 ነው። ማሽኑ ድንቅ ነው፤ ጥያቄው እሱ አይደለም። አሜሪካ የሚሸጠው ግን ለ120 ቮልት የተሠራ፣ 15 አምፔር የሚስብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሶኬት 220 ነው። ሳይጠይቅ የሰካው ሰው ሞተሩ በእጥፍ ፍጥነት ጮኾ ሲቃጠል ያያል፤ ጊዜ አይወስድም። በጥንቃቄ የሚሠራው ደግሞ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። 120 በ15 ሲባዛ 1,800 ነው፤ ሲነሳና ቢላው ጠንካራ እንጨት ሲነክስ ከዚያ በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የተገዛችው ትንሿ ትራንስፎርመር አትችለውም፣ ቢያንስ 3,000 የሚሸከም ያስፈልጋል። እሱ ራሱ ሌላ ከባድ ዕቃ ነው፣ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ ይሞቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ክብደቱም አለ። ያ ማሽን 42 ኪሎ ገደማ ነው፤ አየር መንገዶች በአንድ ሻንጣ የሚቀበሉት ጣሪያ 32 ኪሎ ነው። ተፈትቶ በሁለት ሻንጣ ይመጣል፤ የቀድሞ ልኩ ላይ በትክክል ተመልሶ መገጠሙን የሚያውቅ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢላው ሲደንዝ ምን ይደረጋል? የዚህ ዓይነት ማሽኖች ቢላ ሁለት ጠርዝ ያለው፣ አንዱ ሲያልቅ ተገልብጦ ሁለተኛው የሚሠራ፣ ከዚያ የሚጣል ነው። ቀጭን ስለሆነ እንደ ድሮው ወፍራም ቢላ ሞረድ ቤት ወስዶ ደጋግሞ ማሳል አይቻልም። ቀጣዩ ቢላ ቨርጂኒያ ነው ያለው፤ አጎት የሚመጣው በሚቀጥለው ክረምት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ መናገር ተገቢ ነው። ትንንሾቹ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ካርቦን ያለው ሞተር ስለሆነ የአሜሪካው 60 ኸርዝና የኢትዮጵያው 50 ልዩነት አይጎዳውም፤ ቮልቱ ከተስተካከለ ይሠራል። ትልቁ፣ መሬት ላይ የሚቆመው፣ ቺንጋ ያለው የአሜሪካ ማሽን ግን ሞተሩ ሌላ ዓይነት ነው። «240 ቮልት ይላል፣ ምንም አይሆንም» ተብሎ በኮንቴይነር የሚገባው ማለት ነው። በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከተሠራበት በላይ ይሞቃል። ቮልት ብቻ አይቶ መግዛት ግማሹን ማንበብ ነው። ያው ዲዎልትም ሆነ ማኪታ ለ220 ቮልት የተሠራ ማሽን አላቸው፤ የማኪታው 1,650 ዋት ነው፣ ከቤት ሶኬት ሰባት አምፔር ተኩል ገደማ ይስባል፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ያህል ነው። አጎት የግድ ማምጣት ካለበት ከአሜሪካ ሳይሆን በዱባይ ሲያልፍ ያምጣ፤ እዚያ ያለው መስመር 220 እና 50 ነው። ያኔም ከማሽኑ ጋር ሦስትና አራት ጥንድ ቢላ አብሮ።

ስለ ቢላ ከተነሳ አይቀር፣ በዚህ ከተማ ስለ መላጊያ ማሽን የሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚረሳው ሚስማርን ነው። የውጭ ቪዲዮ ላይ የሚታየው ሰው የሚልገው ከሱቅ የገዛውን፣ በምድጃ የደረቀ፣ ንጹሕ እንጨት ነው። እዚህ ዋንዛና ጽድ ዋጋቸው ሰማይ ስለነካ የቤት ሠራተኛው ግማሽ እንጨቱ ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ የጣሪያ ሙራሌ ወይም የፓሌት ጣውላ ነው። አሮጌ እንጨት መናቅ አይገባም፤ ለአርባ ዓመት የደረቀ ዋንዛ ከትናንት ከተጋዘ ባህር ዛፍ ጋር አይወዳደርም። ግን አንዲት የተሰበረች ሚስማር እንጨቱ ውስጥ ተደብቃ ትቀራለች። ማሽኑ ውስጥ ስትገባ ከሁለቱም ቢላ ላይ ቁራጭ ታነሳለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ጣውላ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ጠባሳ ይወጣል። አዲስ ቢላ፣ በአንድ ሚስማር።

የካርባይድ ጥርስ ያለው ሄሊካል የሚባለው ቢላ መያዣ ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ሰዎች የሚያሞግሱት ድምፁ ለስለስ ስለሚልና ስሙ ዘመናዊ ስለሆነ ነው። እውነተኛ ጥቅሙ ግን ቢላው ወደ ብዙ ትንንሽ ካሬዎች መከፋፈሉ ነው፤ ሚስማር ስትነካው የሚጎዱት አንድ ወይም ሁለት ካሬ ናቸው፣ እነሱን ፈትቶ ማዞር ነው፣ እያንዳንዳቸው አራት ጠርዝ አላቸው። አሮጌ እንጨት የሚሠራ ሰው ለዚህ ተጨማሪ ብር ቢከፍል አልተሞኘም። አዲስ እንጨት ብቻ የሚሠራ ሰው ግን በዚያ ብር ሌላ ነገር ቢገዛ ይሻለዋል። ደግሞም «ሄሊካል» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ካሬያቸው ካርባይድ ሳይሆን እንደ ተራው ቢላ ኤችኤስኤስ የሚባለው ብረት ነው፤ ስሙን ተከራይተዋል። ሻጩን ካሬው ከምን እንደተሠራ መጠየቅና በጽሑፍ ማየት ይገባል። ለማንኛውም ገዢ፣ የትኛውም ማሽን ይኑረው፣ ሚስማር መፈለጊያ ትንሽ የብረት መመርመሪያ ከአንድ ጥንድ ቢላ ርካሽ ነው።

ልስላሴን በተመለከተ ዋት ምንም አይናገርም፤ ሒሳቡ ሌላ ነው። የዲዎልቱ 735 ሦስት ቢላ አለው፤ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ይዞራል። ያ 30,000 ምት ነው። ሁለት ፍጥነት ስላለው በዝግታው በአንድ ኢንች 179 ጊዜ፣ በፈጣኑ 96 ጊዜ ይመታል፤ በሳንቲሜትር 70 እና 38 ገደማ ማለት ነው። የማኪታው ሁለት ቢላ አለው፣ 8,500 ጊዜ ይዞራል፣ ጣውላውን በደቂቃ 8.5 ሜትር ይስባል፤ 17,000 በ8.5 ሜትር ሲካፈል በሳንቲሜትር 20 ይመጣል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፣ ሥሩ የተወሳሰበ እንጨት ለሚልግ ሰውም ትልቅ ነው፤ ዝግታው እንጨቱን ቦጭቆ አይነሳም። ግን ቀጥ ያለ ዋንዛ ልጎ በኋላ በእጅ መላጊያና በብርጭቆ ወረቀት የሚጨርስ ሰው 20ውም ይበቃዋል፤ ማንም ሰው ቀለም የሚቀባውን ዕቃ ከማሽን እንደወጣ አይሸጥም። ቁም ነገሩ ገዢው ይህን ሒሳብ ራሱ መሥራት መቻሉ ነው፦ የቢላ ብዛት በዙር ተባዝቶ፣ በጉዞው ተካፍሎ። ሦስቱም ቁጥር ማሽኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል። ሻጩ የሚጮኸው ዋት ከሦስቱም ውስጥ የለም።

በሌላ በኩል የቆሙት የድሮ አናጢዎች አሉ። «ማሽን ምን ያደርጋል፣ እኛ በእጅ ልገን ቤት ሠርተናል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ከላይ እንደተባለው አንዱን ፊት በእጅ ማቅናት የማይችል ሰው ማሽኑም አይረዳውም። ግማሹ ግን የወጣቱን ጀርባ አለማሰብ ነው። አንድ ፊት ማቅናት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሃያ ጣውላ ሁሉንም 22 ሚሊሜትር አድርጎ ማመሳሰል ግን ቀኑን የሚበላ ጉልበት ነው፤ በመጨረሻም አንዱ 21፣ ሌላው 23 ይሆናል፣ መሳቢያው አይገባም። ማሽን የሚገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ከዚህ ሌላ የለም። ሽማግሌዎቹ ትክክል የሆኑበት ሌላም ነገር አለ፦ እርጥበት። እንጨት ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ በጥላ ሥር ተደርድሮ ይደርቅ የሚሉት ነገር የተረሳው ማሽን ሲመጣ ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሰኞ በሚሊሜትር ትክክል ተልጎ ዓርብ ይጠማል። ሁሉንም ብር ማሽን ላይ የጨረሰ ሰው ለእንጨት ማድረቂያ ጣራ የሚሠራበት ቆርቆሮ አይተርፈውም።

ጎረቤትና ሳንባ የሚሉ ሁለት ጉዳዮችም አሉ፤ ሁለቱም ካታሎግ ላይ የሉም። ካርቦን ያለው ሞተር ሲሠራ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል፤ ጆሮ መሸፈኛ የግድ ነው፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይም ሥራው አይታሰብም። ፍቅፋቂው ደግሞ ለማያውቀው አስደንጋጭ ነው፤ ጥቂት ጣውላ ሲላግ ማዳበሪያ ሙሉ ይወጣል፣ ማውጫው ከታፈነ ጣውላው ላይ ተመልሶ ተጭኖ ፊቱን ይበሳሳዋል። ከሰጋቱራው ጋር የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ግን የባሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ማውጫ ቱቦ የሌለውን ማሽን «ርካሽ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ወጪውን ለገዢው አፍንጫ አስተላለፈ እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ ለቤት የሚበጀው ምንድን ነው ከተባለ፦ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 220 ቮልት የተሠራ፣ የፍቅፋቂ ማውጫ ያለው፣ ቢላው መርካቶ ውስጥ ቢያንስ በሁለት ሱቅ የሚገኝ፣ ካርቦኑና ቺንጋው የሚቀየር ትንሽ ቲክነሰር። ስሙ የታወቀ ቢሆን ጥሩ፣ ባይሆን ደግሞ ቢላው የታወቀውን ልክ የሚጋራ ይሁን። ቀሪው ብር ለአንድ ረጅም የእጅ መላጊያ፣ ለካሊፐር፣ ለጆሮና ለአፍንጫ መሸፈኛ፣ ለማድረቂያ ጣራ። መስመሩን ደግሞ ከወፍራም ሽቦ፣ ከቆጣሪው ቀጥታ፤ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ የተሰካ ማሽን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ገመዱም ይግላል።

ወደ ሱቁም ባዶ እጅ አይኬድም። አንድ ፊቱ በእጅ የቀና፣ 70 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጣውላ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይወሰዳል። ሻጩ ማሽኑን ይሰካል፤ ጣውላው በግራ በኩል አንዴ፣ በቀኝ በኩል አንዴ ያልፋል። ሁለቱ ውፍረቶች በካሊፐር ሲለኩ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ ቢላው ወይም መደቡ ዘምሟል፤ ማስተካከያ እንዳለው ይጠየቅና ሻጩ እዚያው ያስተካክል። የጣውላው ሁለት ጫፍ በጣት ይዳሰሳል፤ መጨረሻዋ አምስትና ስድስት ሳንቲሜትር ጎድጎድ ማለቷ የሁሉም ትንንሽ ማሽን ባሕርይ ነው፣ ጣውላውን ረዘም አድርጎ ትቶ በኋላ በመቁረጥ ወይም ሲወጣ ጫፉን ቀና አድርጎ በመያዝ ይታለፋል፤ በጥፍር የሚያዝ ደረጃ ከሆነች ግን የማሽኑ ራስ ሲሠራ እየተንቀሳቀሰ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ሮለሩ በእጅ ይዞራል፤ ኩሽኔታው ከተንጫጫ ይተዋል። ቢላው እንዴት እንደሚወጣ ሻጩ ራሱ ፈትቶ ያሳይ፤ እሱ ካልቻለ ገዢው ማታ በባትሪ ብርሃን ብቻውን አይችለውም። «ሱቅ ውስጥ አይሰካም፣ ቆሻሻ ያደርጋል» ያለ ሻጭ ካለ ጣውላው ወደ ማዳበሪያው ተመልሶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይኬዳል።